ሦስተኛው እርም፦ የሰው ገመና መዝናኛ ሲሆን



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በመሰናበቻው ሐጅ ባደረጉት ኹጥባ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ጠቅሰው እርም መሆናቸውን አውጀዋል፤ ደማችንን፣ ገንዘባችንንና ክብራችንን። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ብዙም አንሳሳትም። ዶርም ውስጥ የወደቀ መቶ ብር ያገኘ ተማሪ «የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ለባለቤቱ ሊመልስ። የአንድ ሰው ገመና ያለበት ስክሪንሾት ሲደርስ ግን ያው «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይነሳል፤ ሊመለስ ሳይሆን ሊወራ።

በዐረብኛ «ዒርድ» የሚባለው ይህ ሦስተኛው እርም፣ የሰው ክብር፣ እንዴት በቀላሉ እንደሚደፈር በዚህ ጽሑፍ እናያለን። ለምሳሌ የምናነሳው ከእኛ ርቆ የተፈጸመ፣ በኋላ ግን እኛን ሙስሊሞችንም የነካ ታሪክ ነው። ይኸውም በልጅነቷ የሆሊዉድ ተዋናይት የነበረችው የሊንዚ ሎሃን ታሪክ ነው። ስሟን የምናነሳው ነውሯን ለመቁጠር አይደለም። በፍርድ ቤት በይፋ ከታወቀውና ለትምህርታችን ከሚያስፈልገው በላይ አንሄድም። የምንመረምረው ተመልካቹ ያደረገውን ነው።

ገንዘብን የጠበቀ ሕግ

ልጆችን በፊልም ማሠራት በአሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነገር ነው። ጃኪ ኩገን የሚባል ሕፃን በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር በሠራው ድምፅ አልባ ፊልም ዝነኛ ሆነ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በልጅነቱ ያስገኘው ገንዘብ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር ይገመታል። አድጎ ገንዘቡን ሲጠይቅ ግን እናቱና የእንጀራ አባቱ አብዛኛውን አጥፍተውት አገኘ። በ1938 ከሰሳቸው፤ በመጨረሻ የደረሰው 126 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። ነገሩ ሕዝቡን አስቆጣ፤ ካሊፎርኒያም በ1939 የሕፃናት ተዋንያንን ገቢ የሚጠብቅ ሕግ አወጣች። ከ2000 ጀምሮ ደግሞ ከልጁ ገቢ ቢያንስ 15 በመቶው እስኪያድግ ድረስ በማይነካ ሒሳብ እንዲቀመጥ ሕጉ ያስገድዳል።

በሱረቱ ኒሳእ የየቲምን ገንዘብ ስለሚበሉ ሰዎች የመጣውን ማስጠንቀቂያ ለሚያውቅ ሙስሊም ይህ ሕግ እንግዳ አይሆንበትም። ነገር ግን ሕጉ የጠበቀው ከሦስቱ እርሞች አንዱን፣ ገንዘብን ነው። ክብሩን የሚጠብቅለት አልነበረም። ልጁን በስክሪን ላይ ሲያድግ ያየ ሕዝብ የዘመድ ያህል የሚያውቀው ይመስለዋል፤ ሲያጠፋ ግን እንደ ዘመድ አይሸፍንለትም።

ከጭብጨባ ወደ ፌዝ

ሊንዚ ሎሃን በ1986 ኒውዮርክ ውስጥ ተወለደች። በ3 ዓመቷ የልጆች ሞዴል ሆና ሥራ ጀመረች፤ በ10 ዓመቷ በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ትታይ ነበር። በ1998 በወጣው «ዘ ፓረንት ትራፕ» በተባለው ፊልም ላይ መንትያ እህትማማቾችን ብቻዋን ሆና ተጫወተች። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ 92 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። በ2003 «ፍሪኪ ፍራይደይ» 160 ሚሊዮን፣ በ2004 «ሚን ገርልስ» 130 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገቡ። ሦስቱም ፊልሞች ሲወጡ ገና 18 ዓመት አልሞላትም ነበር።

ልክ በዚያን ጊዜ የዝነኞችን ወሬ የሚሸጠው ገበያ ተለወጠ። ሳምንታዊ መጽሔቶች በየሰዓቱ ዜና በሚለጥፉ የኢንተርኔት ገጾች ተቀደሙ፤ ከእነዚህ ዋነኛው የሆነው ቲኤምዚ የተጀመረው በ2005 ነው። አንድ ዝነኛ ሰው ሲስቅ ከተነሳው ፎቶ ይልቅ ሲወድቅ የተነሳው በውድ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ፓፓራዚ የሚባሉት ፎቶ አንሺዎች ዝነኛ ሰዎችን በመኪና ያሳድዱ ነበር። በ2005 የአንዱ መኪና ከሎሃን መኪና ጋር ተጋጨ። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ እንዲህ ያለውን ማሳደድ በከባድ ካሳ የሚያስጠይቅ ሕግ አወጣች። አሁንም ሕግ ከሦስቱ እርሞች አንዱን፣ አካልን፣ ለመጠበቅ ሞከረ። የፎቶው ገዥና ተመልካች ግን በሕጉ አልተነካም።

በ2007 ሎሃን ጠጥታ በማሽከርከር ሁለት ጊዜ ተያዘች። ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም፤ ጠጥቶ መንዳት የሰው ሕይወት ያጠፋል። ፍርድ ቤቱም ሥራውን ሠራ፤ ፈረደባት፤ ቅጣቷንም ተቀበለች። የእስሩ ጊዜ በጣም አጭር ስለነበር ጋዜጠኞች በደቂቃ ቆጥረው 84 ደቂቃ ብለው ዘገቡት፤ ቁጥሩም መቀለጃ ሆነ። በ2010 የገደብ ሁኔታዎችን በመጣሷ 90 ቀን ተፈረደባት፤ የታሰረችው ግን ለ14 ቀን ነበር። ችሎት ላይ ስታለቅስ የሚያሳየው ምስል በቀጥታ ተሰራጨ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። የዳኛው ፍርድ መጀመሪያም መጨረሻም ነበረው፤ 84 ደቂቃ፣ 14 ቀን። የተመልካቹ ፍርድ ግን መጨረሻ አልነበረውም። ለዓመታት ስሟ በተነሳ ቁጥር የሚነሳው ያው ጥፋት ነበር።

አንድ ቪዲዮ፣ ሁለት ፍርድ

በ2013 በታዋቂው የዴቪድ ሌተርማን የማታ ፕሮግራም ላይ እንግዳ ሆና ቀረበች። ስለ አዲስ ፊልም ልታወራ ነበር የመጣችው፤ አቅራቢው ግን ከሱስ ማገገሚያ ስለ መግባቷ ደጋግሞ እየጠየቀ ቀለደ። አዳራሹ ሳቀ። በ2021 ያው ቪዲዮ እንደገና በማኅበራዊ ሚዲያ ተዘዋወረ፤ በዚህ ጊዜ ሕዝቡ «እንዴት እንዲህ ይደረግባታል?» ብሎ ተቆጣ። ምክንያቱም በዚያው ሰሞን ስለ ዘፋኟ ብሪትኒ ስፒርስ የወጣ ዘጋቢ ፊልም ሕዝቡ በወጣት ዝነኞች ላይ የሠራውን ግፍ እንዲያስብ አድርጎት ነበር።

ቪዲዮው ስንዝር አልተለወጠም፤ የተለወጠው የጊዜው ስሜት ነው። ሕዝብ የሚስቀው ሌላው ሲስቅ፣ የሚቆጣው ሌላው ሲቆጣ ከሆነ ሚዛን የለውም። የሙስሊም ሚዛን ግን ወሩና ፋሽኑ የሚለውጠው መሆን የለበትም። በ2013 ሐራም የነበረው ማፌዝ በ2021 ሐራም ለመሆን ዘጋቢ ፊልም አያስፈልገውም። ሱረቱል ሑጁራት 11ኛ አንቀጽ አንዱ ሕዝብ በሌላው ላይ እንዳያፌዝ፣ ሴቶችም በሴቶች ላይ እንዳያፌዙ ከከለከለ ከ1400 ዓመት በላይ ሆኖታል። ምክንያቱንም አብሮ ነግሮናል፤ የተፌዘበት ሰው ከሚያፌዘው የተሻለ ሊሆን ይችላል።

«ሰለመች!»

አሁን ታሪኩ ወደ እኛ ይመጣል። በ2015 ሎሃን በብሩክሊን ቁርኣን ይዛ ስትሄድ ፎቶ ተነሳች። በኋላ ለአንድ የቱርክ ቴሌቪዥን ጣቢያ እንደተናገረችው፣ ቁርኣኑን የሰጧት የሳዑዲ ወዳጆቿ ናቸው፤ በመያዟም በአገሯ ክፉኛ ተወቅሳለች። በ2016 በቱርክ የሚገኙ የሶሪያ ስደተኞችን ጎበኘች። በጥር 2017 የኢንስታግራም ገጿን አጽድታ የሰላምታችንን ቃል በዐረብኛ ጻፈችበት። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከቱርክ ወደ ኒውዮርክ ስትጓዝ ለንደን ሂትሮው ላይ የራስ መሸፈኛ በመልበሷ አስቁመው እንዳስወለቋት ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን ተናገረች።

ወዲያው በብዙ አገር ያሉ ሙስሊሞች ገጾች ላይ «ሊንዚ ሎሃን ሰለመች!» የሚል ዜና ተበተነ። እርሷ ግን ቁርኣንን ማንበብና ስለ እስልምና ማወቅ እንደምትፈልግ ነበር የተናገረችው፤ ሰልሜያለሁ ብላ አላወጀችም።

«ይህ እኮ መልካም ወሬ ነው፤ ምን ጉዳት አለው?» የሚል ሊኖር ይችላል። ሰው ወደ ሐቅ ሲቀርብ መደሰት ከኢማን ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው የሰማውን ሁሉ ማውራቱ ብቻ ለውሸታምነት በቂ መሆኑን አስተምረዋል፤ ሐዲሱ በሙስሊም የተዘገበ ነው። የወሬው መጣፈጥ ከዚህ ነፃ አያወጣም። ሁለተኛ፣ ሂዳያ በአላህ እጅ ያለ፣ በልብ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሠራ ነገር ነው። ቁርኣን ከፍታ ለማንበብ የሞከረችን ሴት በሚሊዮን ዓይን ፊት አቁሞ «ገባች ወይስ አልገባች?» እያሉ መጠበቅ መንገዱን ያጠብባታል እንጂ አያሰፋላትም።

ስለዚህ በ2007 የሳቀባትና በ2017 ያጨበጨበላት ሕዝብ ሥራ ከላይ ሲታይ ተቃራኒ ነው፤ ሥሩ ግን አንድ ነው። ለሁለቱም እርሷ ነፍስ ያላት ሰው ሳትሆን ሼር የምትደረግ ዜና ነበረች።

ዲናችን ምን አስተማረን?

ቁርኣን ስለ ወሬ ያስተማረን ትልቁ ትምህርት በሱረቱ ኑር የወረደው የእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጉዳይ ነው። መናፍቃን የፈጠሩት ቅጥፈት በመዲና ለአንድ ወር ያህል ተናፈሰ። ያሰራጩት ሁሉ መናፍቃን አልነበሩም፤ ከምእመናንም በምላሳቸው የተቀባበሉት ነበሩ። አላህ (ሱ.ወ.) በምዕራፉ 15ኛ አንቀጽ የወቀሰው ይህንን ነው። እነርሱ ቀላል ነገር መስሏቸው በአፋቸው ያዛወሩት ወሬ እርሱ ዘንድ ከባድ ነበር። ዛሬ ከምላስ ይልቅ ጣት ትፈጥናለች፤ የቴሌግራም «ፎርዋርድ» ከመናገርም ይቀላል።

ከዚያ ወሬ የተረፉት ምን አደረጉ? በሲራ እንደተዘገበው የአቡ አዩብ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ.) ባለቤት ሰዎች የሚያወሩትን ሰምቶ እንደሆነ ጠየቀችው። እርሱም ውሸት መሆኑን ነገራት፤ ከዚያም እርሷ ራሷ እንዲህ ያለውን ታደርግ እንደሆነ ጠየቃት። በፍጹም አለች። ዓኢሻ ከእርሷ የምትበልጥ መሆኗን አስታውሷት ወሬውን እዚያው ቤት ውስጥ ቀበረው። የ12ኛው አንቀጽ መልእክትም ይኸው ነው፤ ሌላውን በራሳችን መመዘን።

ይህ ወሬው ሐሰት ሲሆን ነው። እውነት ሲሆንስ? ለዚህ ከቡኻሪ የምናገኘው ትምህርት ድንቅ ነው። ዐብዱላህ የሚባል፣ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) የሚያስቅ ሰው ነበር፤ በመጠጥ ምክንያት ተደጋግሞ ተቀጥቷል። አንድ ቀን ከተቀጣ በኋላ አንድ ሰው ረገመው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳይረግሙት ከለከሉ፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም መሰከሩለት። በሌላ ዘገባም በወንድማቸው ላይ የሸይጧን ረዳት እንዳይሆኑ አስጠንቅቀዋል። ጥፋቱ እውነት ነው፣ ቅጣቱም ተፈጽሟል፤ ከቅጣቱ በኋላ ግን ሕዝቡ የራሱን ቅጣት እንዲጨምር አልተፈቀደለትም። ከላይ ያየነው መጨረሻ የሌለው የተመልካች ፍርድ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

«እርሷ ሙስሊም አይደለችም፤ ይህ ሁሉ እሷን ይመለከታል ወይ?» የሚል ጥያቄም ይነሳል። በሱረቱል ማኢዳ 8ኛ አንቀጽ ሕዝብን መጥላት እንኳ ከፍትሕ እንዳያወጣን ታዘናል። ብዙ ዑለማዎችም በሰላም የሚኖርን ሙስሊም ያልሆነ ሰው ያለ አግባብ በነገር መጉዳት እንደማይፈቀድ አስተምረዋል። ከዚህም በላይ በሩቅ ሰው ገመና መሳቅ የለመደ ምላስ የጎረቤቱ ተራ ሲደርስ አይቆምም።

ሲትር ግፍን መደበቅ አይደለም

የሙስሊምን ነውር የሸፈነ አላህ በዱንያም በአኺራም እንደሚሸፍንለት በሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ ተነግሮናል። ይህን «ሲትር» እንለዋለን። ነገር ግን በዚህ ስም ግፈኛን መከለል አይገባም። ኢማም ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን ሰውን በሌለበት ማንሳት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ዘርዝረዋል፦ የተበደለ ሰው አቤት ሲል፣ መጥፎን ለማስቆም እርዳታ ሲጠየቅ፣ ፈትዋ ሲጠየቅ፣ ሰዎችን ከጉዳት ለማስጠንቀቅ፣ ጥፋቱን በይፋ የሚሠራን ሰው በዚያው በይፋ በሠራው ብቻ ለማንሳት፣ እና በሌላ መንገድ የማይታወቅን ሰው ለመለየት።

ስለዚህ በመምህር ወይም በተማሪ ትንኮሳ የደረሰባት እህት ስትናገር «ሲትር አድርጊ» ማለት ሐዲሱን ያለ ቦታው መጠቀም ነው። እርሷ ተበዳይ ናት፤ ልትሰማና ልትታገዝ ይገባታል። ልዩነቱን የምናውቀው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ንግግር ጉዳትን ሊያስቆም ወደሚችል ሰው ነው የሚሄደው ወይስ ሊስቅ ወደሚችል ሰው?

ወደ ግቢያችን

በግቢያችን ፓፓራዚ የለም። ስልክ ግን ሁሉም ኪስ ውስጥ አለ። ሳታውቅ የተቀረጸች እህት ቪዲዮ፣ ስም በማይጠቀስባቸው የቴሌግራም ቻናሎች የሚለጠፍ «እገሌ ከእገሊት ጋር» የሚል ወሬ፣ ዱሮ የሌላ ሕይወት የነበረው ወንድም አሁን ሶላት ሲጀምር የሚወጣበት የቀድሞ ፎቶ፤ እነዚህ ሁሉ በትንሹ የሚሠሩ የዚያው ገበያ ቅርንጫፎች ናቸው። ልዩነቱ ሎሃን ገንዘብ፣ ጠበቃና የምትሄድበት አገር ነበራት። ከ2014 ገደማ ጀምሮ ኑሮዋን በዱባይ አደረገች፤ በዚያ ሰውን ያለ ፈቃዱ ፎቶ አንስቶ ማሰራጨት በሕግ ያስቀጣል፤ የግል ሕይወቷ እዚያ እንደሚከበርላትም ደጋግማ ተናግራለች። በ2022 በኔትፍሊክስ ፊልም ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ በ2025 ደግሞ የ2003ቱ ፊልሟ ተከታይ ወጣ። ከክፍለ ሀገር መጥታ አንደኛ ዓመት የገባች ልጅ ግን ስሟ በአንድ ምሽት ግሩፑን ሲዞር የምትሄድበት ዱባይ የላትም። ያላት ወይ ወደ ቤቷ መመለስ ነው፣ ወይ እኛ ነን።

ስለዚህ አራት ነገሮችን እንያዝ።

1. እናጣራ። ሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ዜና ሲመጣ እንድናጣራ ያዘናል። የማይመለከተንን ወሬ ግን ማጣራትም አያስፈልገንም፤ 12ኛው አንቀጽ መሰለልን ከልክሏልና። በቂው መተው ነው።

2. እኛ ጋ ይቁም። የደረሰንን ስክሪንሾት እናጥፋ፤ ለላከልን ሰውም በግል፣ ሳናሸማቅቀው፣ «ይህን ባትልክልኝ ደስ ይለኛል» እንበለው። የአቡ አዩብ ቤት እንዲህ ነበር።

3. የወደቀውን አንሽሽ። አንድ ወንድም ስሙ ሲነሳ ከጀመዓው የሚርቀው ወንጀሉ ስላሳፈረው ብቻ አይደለም፤ ዓይናችን ስለሚከብደው ነው። ከጁሙዓ በኋላ እንደ ወትሮው ሰላም ማለት፣ አብሮ ምሳ መብላት ለተውበቱ ትልቅ እገዛ ነው።

4. የተመለሰውን ምልክት አናድርገው። አዲስ የሰለመ ወይም ወደ ዲኑ የተመለሰ ሰው ፎቶውን ከመለጠፋችን በፊት ፈቃዱን እንጠይቅ። ዱዓችን ከፖስታችን ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ለሐለቃ መወያያ

በየብሎኩ ያላችሁ የሐለቃ አባላት በሚከተሉት ላይ እንድትወያዩ እንጋብዛለን።

• ሱረቱ ኑር 19ኛ አንቀጽ ነውር በምእመናን መካከል እንዲስፋፋ «መውደድን» ራሱን ለምን ከበደ? ሳያሰራጩ መውደድ እንዴት ይገለጻል?

• ዳኛ የፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከጨረሰ በኋላ ማኅበረሰቡ ለእርሱ ምን ግዴታ አለበት?

• በግቢያችን ጥፋትን ለሚመለከተው አካል ማሳወቅና ሐሜትን የምንለይበት መስመር የት ነው?

አላህ (ሱ.ወ.) የኛን ነውር ይሸፍንልን፣ ምላሳችንንና ጣታችንን ይጠብቅልን፣ የወደቀውን የምናነሳ እንጂ በወደቀው ላይ የምንስቅ አያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።